ሳይነግሯት ያስፈረሟት

አክስቴ ቡና ስትጠጣ ስኒውን ወደ ግራ ጠጋ ታደርገዋለች። እንግዳ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን ምክንያቱን ስለማውቅ ሁልጊዜ ዓይኔ እዚያው ያርፋል። የታችኛው ከንፈሯ በቀኝ በኩል ደንዝዟል። ቡናው ይፍላ ይብረድ፣ በአፏ ጥግ ይፍሰስ አይፍሰስ አይታወቃትም። አንድ ቀን አቦሉን አፏ ላይ አድርጋ ከንፈሯ ውሃ እስኪቋጥር ተቃጥሎ፣ ያወቀችው ሌላ ሰው ሲነግራት ነው። ቡና የሀገሩ መለያ በሆነበት በከፋ ምድር ለምትኖር ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ መንጋጋ ነው። በምትኖርበት በቢታ ገነት ሆና ለሳምንታት በቅርንፉድና በማስታገሻ ኪኒን ስታባብለው ከረመች። ጉንጯ ሲያብጥ ይዣት ወደ ትልቅ ከተማ ሄድሁና ስሙን ወደማልጠቅሰው ክሊኒክ ገባን። ራጅ ተነሣች። መጨረሻ የሚበቅለው የታችኛው መንጋጋ ተጋድሞ ስለበቀለ መውጣት አለበት ተባለ። መውጣት እንደነበረበት እኔም አምናለሁ፤ ክርክሬ እዚያ ላይ አይደለም።

ወንበሩ ላይ ካስተኟትና ማደንዘዣውን ከወጓት በኋላ ነርሷ አንድ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዛ መጣች። «እናቴ፣ እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አለቻት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አክስቴ ቤቷ የምትናገረው ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃት ያህል ነው። አፏ ደንዝዟል፣ መብራቱ ፊቷ ላይ በርቷል። ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ቶሎ እንዲያልቅላት ቸኩዬ ራሴን ነቀነቅሁላት። አውራ ጣቷን ነከረች፣ አሳረፈች፣ የተረፈውን ቀለም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ጥርሱ ወጣ። መደንዘዙ ግን ከከንፈሯ አልወጣም። ማደንዘዣው በሁለትና በሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ በአራትና በአምስት ሰዓት ይለቃል፤ የእሷ በማግሥቱም፣ በሳምንቱም አለቀቀም። ለእኛ ለቤተሰቦቿ አልተናገረችም። ግማሽ ፊቷ ሽባ ሊሆን የጀመረ መስሏት ነበር። ጎረቤት መጋኛ ነው አላት፣ ሌላው ዓይን በልቷት ነው አለ። ሁለት ወር ሙሉ ፀበል ስትመላለስ እኛ ለጥርሷ ጤና የምትጸልይ መስሎን ነበር። በኋላ ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ወረቀት አውጥቶ መንጋጋ ሣለላት። ከጥርሱ ሥር የሚያልፈውን ነርቭ በእስክሪብቶ አሰመረና፣ ጥርሱ ሲነቀል ይህ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ስሜቱ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል አስረዳት። አክስቴ አለቀሰች። «ታዲያ ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች።

ይህን ዓምድ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ስል ነው። አክስቴን የበለጠ የጎዳት የከንፈሯ መደንዘዝ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ብቻዋን የፈራችው ፍርሃት ነው። ጉዳቱን ማንም ሐኪም ሁልጊዜ ሊያስቀረው አይችልም። የታችኛው መጨረሻ መንጋጋ ሲወጣ ለዘለቄታው የሚደነዝዝባቸው ሰዎች ከመቶ ከአንድ ያንሳሉ፤ ሙያውን በሚገባ በሚያውቅ እጅም ይደርሳል። ፍርሃቱን ግን ሦስት ደቂቃ ንግግር ያስቀረው ነበር።

ሕጋችን በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ ታካሚው ተረድቶ ፈቃዱን ሳይሰጥ የጤና አገልግሎት እንዳይሰጠው ደንግጓል። ተረድቶ የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። መርፌው ከገባ በኋላ፣ በማታውቀው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ያረፈ ጣት ክሊኒኩን ከክስ ይጠብቀው ይሆናል እንጂ ፈቃድ አይባልም።

ሐኪሞች ወዳጆቼ የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ሁሉን ብንነግራቸው ይፈራሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ» ይላሉ። ይህ ክርክር በእኛ ሀገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ናዲን ሞንትጎመሪ የተባለች የስኳር ሕመምተኛ በ1999 እ.ኤ.አ. ስትወልድ፣ ልጁ ትከሻው ላይ ሊያዝ እንደሚችል ሐኪሟ አልነገረቻትም። ከነገርኋቸው ብዙዎቹ እናቶች በቀዶ ጥገና ልውለድ ይላሉ የሚል ነበር ምክንያቷ። ልጁ ከከባድ ጉዳት ጋር ተወለደ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ለእናትየው ፈረደ፤ ያቺ ታካሚ ልታውቀው የምትሻውን አደጋና ሌላውን አማራጭ መንገር የሐኪም ግዴታ ነው አለ። ታካሚው ሰምቶ ሌላ መንገድ ሊመርጥ መቻሉ፣ የሚነገርበት ምክንያት እንጂ የሚደበቅበት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ቢታ ገነት ላይ ደግሞ አማራጭ የሚለው ቃል ሌላ ክብደት አለው። የታመመ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም። ሥሩ ታክሞ፣ ተሞልቶ፣ ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ጥርስ ብዙ ነው። ነገር ግን የሥር ሕክምና በየወረዳው አይገኝም፤ እንደ ጅማ ወዳለ ትልቅ ከተማ መሄድ ይጠይቃል፤ መመላለስ አለው፣ ዋጋውም ከመንቀል በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ባለሙያው በቅንነት «እዚህ የሚቻለው መንቀል ነው» ብሎ ይነቅላል። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ጥርስ ሌላ ቦታ ሊድን ይችላል» የሚል። ታካሚው ያንን ሰምቶ፣ የመኪናውንና የማደሪያውን አስልቶ፣ «ይነቀልልኝ» ቢል ምርጫው የራሱ ነው። ሳይሰማ ከተነቀለ ግን የመረጠለት ሌላ ሰው ነው። የሥር ሕክምናውም ቢሆን የራሱ ጣጣ እንዳለው ይነገር፤ ቀጭኗ መሣሪያ ሥሩ ውስጥ ልትሰበር ትችላለች፣ ከዓመታት በኋላ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ የታከመ መንጋጋ ካልተሸፈነ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሠቃየው ደግሞ ቀላሉ መንቀል የሚያስከትለው ነው። ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የሚረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍነው ክዳን ነው። ያ ደም ቶሎ ከወጣ አጥንቱ ይጋለጥና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ፣ ጆሮ ድረስ የሚዘልቅ ሕመም ይጀምራል። ጥርሳቸውን ከሚያስነቅሉ መቶ ሰዎች ከአንድ እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ በታችኛው መጨረሻ መንጋጋ ላይ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል። እኛ ሀገር ሰው ጥርሱን አስነቅሎ ቤቱ እንደገባ በጨው ውሃ አጥብቆ ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፣ የሚያጨስም ያጨሳል፤ ደሙ የሚወጣው እንዲያ ነው። ለ24 ሰዓት እንዳይጉመጠመጥ መንገር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

መንገር ያለበት ግን ሐኪሙ ብቻ አይደለም። እኛም እንደብቃለን። የግፊት ኪኒን የሚውጥ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳር ያለበት፣ ያረገዘች ሴት፣ በልጅነቱ ልቡን የታመመ ሰው «ለጥርስ ምን ያደርጋል» ብሎ ዝም ይላል። የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ጥርሱ ሲነቀል ከአፉ የሚነሣ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ልቡ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናል። ካላወቀ አይወስንም።

ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም ካፊኖኖ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩበት፣ የሚጻፍ ቋንቋ ነው። በከፋ ዞን ጥርስ የሚነቀልበት ክፍል ሁሉ በካፊኖኖና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖረው፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ መርፌው ከመያዙ በፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብለት በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። የዞኑን ጤና መምሪያ የምለምነው ይህንኑ ነው። የጥርስ ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ቅጹ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ በእጃችሁ አለ፤ ያ ሁለተኛው ሐኪም እንዳደረገው መንጋጋውን ሥላችሁ አሳዩ።

የአክስቴ ከንፈር ከፊሉ ተመልሷል። በግራ በኩል ሌላ መንጋጋ እያመማት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይዣት እሄዳለሁ፤ ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት የሚያስረዳት ሰው ካልተገኘ ጣቷን አታሳርፍም።