የጁገል ግድግዳና የእንጨት በሩ፦ የአጸግብሮት ፍጥነትና የኬሚካዊ ሚዛን ትምህርት ከየት ይጀምር?

በሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ሰው በየቤቱ ፊት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያያል፦ በድንጋይ ተገንብቶ በኖራ የተቀባ ግድግዳና የተቀረጸ የእንጨት በር። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት ጸንተው ቆመዋል። ለዓይን ጽናታቸው አንድ ነው፤ ለኬሚስትሪ ግን አንድ አይደለም። የግድግዳው ካልሲየም ካርቦኔት በከተማዋ አየርና ሙቀት ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይበተነው ሚዛኑ አጥብቆ ወደ ካርቦኔቱ ስላዘነበለ ነው። እንጨቱ ግን ኦክስጅን ባለበት አየር ውስጥ ሳይቃጠል የሚኖረው ሚዛን ጠብቆት ሳይሆን አጸግብሮቱ በዚያ ሙቀት እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ ብቻ ነው። በበሩ ላይ የተጀመረ እሳት በራሱ ሙቀት ይቀጥላል፤ በእቶን ውስጥ መበተን የጀመረ ድንጋይ ግን ከእሳቱ ሲወጣ መበተኑን ያቆማል።

ይህን ልዩነት ማስጨበጥ የመግቢያ ኬሚስትሪ ዋና ተግባር ሊሆን ይገባል። «ምን ያህል ይፈጥናል?» እና «እስከ የት ይደርሳል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጥያቄ በ11ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ አራተኛ ምዕራፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአምስተኛው ይቀርባል። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጠቅላላ ኬሚስትሪ ኮርስም ሁለቱ ይደገማሉ። ድግግሞሹ መልካም ቢሆንም፣ ትምህርቱ ከቀመር ተነሥቶ በቀመር የሚያልቅ ከሆነ ተማሪው የሚዛን ቋሚውን እያሰላ ቋሚው ስለ ፍጥነት ምንም እንደማይናገር ላያስተውል ይችላል።

ችግሩ በከፊል ከቃሉ ይመነጫል። «ሚዛን» ሲባል በተማሪው አእምሮ የሚመጣው በገበያ ቅመምና ቡና የሚመዘንበት ዕቃ ነው። በዚያ ሚዛን ሁለቱ ወገኖች ሲስተካከሉ እንቅስቃሴ ይቆማል፤ ክብደታቸውም እኩል ይሆናል። በኬሚካዊ ሚዛን ግን የሚቆም ነገር የለም። የፊትና የኋላ አጸግብሮቶች በእኩል ፍጥነት ይቀጥላሉ። እኩል የሚሆነው ፍጥነታቸው እንጂ የአጸግባሪዎቹና የውጤቶቹ መጠን አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። ሃክሊንግና ጋርኔት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩ የአውስትራሊያ 12ኛ ክፍል ተማሪዎችም በሚዛን ላይ በአጸግባሪዎችና በውጤቶች መጠን መካከል ቀላል የሒሳብ ዝምድና እንዳለ ያምኑ እንደነበር አሳይተዋል። አጸግብሮቱ ወደ ሚዛን ሲቃረብ የፊተኛው ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል ብለው ያሰቡም ነበሩ። ስለዚህ መፍትሔው ቃል ከመለወጥ ይልቅ ጽንሰ ሐሳቡን በሚታይ ነገር ላይ ማቆም ነው።

ለዚህ ከኖራ የተሻለ ነገር በሐረር አይገኝም። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የጋዙ የሚዛን ግፊት ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አንድ አትሞስፌር ይደርሳል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ጋዙ የሚሄድበት ስለሌለ ሥርዓቱ ከሚዛን ይደርሳል፤ ድንጋይ ቢጨመርበትም የጋዙ ግፊት አይለወጥም። በክፍት እቶን ግን ጋዙ ከአየሩ ጋር ስለሚሄድ ሚዛን አይደረስም፤ ድንጋዩም እስኪያልቅ ኖራ ይሆናል። ኖራው በውሃ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ካርቦኔት ይመለሳል። ተማሪው «ዝግ ሥርዓት» የሚለውን ቃል ከመሸምደዱ በፊት ክፍቱ ሥርዓት ለምን ሚዛን እንደማይኖረው ቢረዳ ሐሳቡ ሥር ይሰዳል።

የሳይንሱ ታሪክም በዚህ መንገድ አልፏል። ፈረንሳዊው ቤርቶሌ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብፅ ሄዶ በናትሮን ሐይቆች ዳር የሶዳ ክምችት ተመለከተ። በቤተ ሙከራ ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ ተዋሕደው የኖራ ድንጋይና ጨው ይሰጣሉ፤ በሐይቆቹ ዳር ግን የጨውና የድንጋዩ ብዛት አጸግብሮቱን ወደ ኋላ መልሶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የታወቀውን መርሕ ያቀረበው ለ ሻተሊዬም የኖራና የሲሚንቶ ተመራማሪ ነበር።

የኖራ ድንጋይ ብዙ ወጪ ለሌለው የክፍል ሙከራም ይሆናል። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ናሙናዎች፣ አንዱ በጠጠር ሌላው በዱቄት መልክ፣ በተትረፈረፈ ኮምጣጤ ውስጥ ይጨመራሉ። ዱቄቱ ቶሎ ይኮፈፋል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ጋዝ ጠቅላላ መጠን ግን ተመሳሳይ ነው። ፍጥነትና መድረሻ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቀጥሎ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ጥሩ የኖራ ውሃ ይተላለፋል። ውሃው መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ ጋዙ ሲበዛ መልሶ ይጠራል፤ ሲፈላ ደግሞ ጋዙ ስለሚወጣ እንደገና ይነጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅራሪም በዚሁ መንገድ የሚፈጠር ነው። ያልጠፋ ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ለተማሪ እጅ ሊሰጥ አይገባም፤ የኖራ ውሃውን መምህሩ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ፣ የዓይን መከላከያም ሊደረግ ይገባል።

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ምዕራፎቹ ሰፊ ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውም ስለ ጁገል በር አይጠይቅም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር የአንድን ምዕራፍ ችግር አያስረዳም፤ ሆኖም ለፈተና ሲባል ግንዛቤን መሠዋት ለፈተናውም ዋስትና እንደማይሆን ሊያሳስብ ይገባል። ያልገባ ምዕራፍ በዩኒቨርሲቲ ሲደገም የሚፈጀው ጊዜ፣ ሙከራው ከሚፈጀው አንድ ክፍለ ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

ሐሳቡ በጥናት ሊፈተን ይችላል፤ ሊፈተንም ይገባል። ለሁለት ተመጣጣኝ ክፍሎች ምዕራፉ አንዱ በተለመደው መንገድ፣ ሌላው ከኖራ ተነሥቶ ይሰጥ። ከትምህርቱ በፊትና በኋላ፣ እንዲሁም ከወራት ቆይታ ቀጥሎ፣ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ ግድግዳውም በሩም ሳይለወጡ ቆመዋል፤ የእያንዳንዳቸው ምክንያት ምንድን ነው? ለሁለቱ አንድ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ቀመሩን በትክክል ቢያሰላም ትምህርቱ ገና አልደረሰውም።