አፍለኛው ዶሳ

በናይሮቢ ከተማ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ ሐበሾች ለብዙ ዓመታት «የሕንዱ ቤት» እያሉ ሲጠሩት የኖሩት አንድ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት አለ። ስሙ እዚህ ባይሰፍር ጉዳት የለውም፤ የሚያውቀው ወዲያው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም የእርሱን አምሳያ በየከተማው አያጣም። በጾም ወራት ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚገቡ እናቶች፣ ከሥራ ወጥተው በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ነገር ለመቅመስ የሚሰባሰቡ ወጣቶች፣ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ወረቀት የሚጠባበቁ ኪሳቸው የሳሳ ስደተኞች፣ ሁሉም በዚያ ቤት የብረት ሳህን በልተዋል። ቤቱ ዛሬም አልተዘጋም። እንዲያውም መብራቱ በዝቷል፣ ወንበሩም ለስልሷል። የጠፋው ምግቡና መስተንግዶው ነው።

ሐበሻው ይህን ቤት የወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዶሳ የሚባለው ስስ ቂጣ (ቂጣ ማለቱ እንኳ ያሳንሰዋል) በአሠራሩ የእንጀራ የሩቅ ዘመድ ነው። ሦስት ወይም አራት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ደግሞ ኡራድ የተባለ ማሾ መሰል ጥራጥሬ ለየብቻ ይዘፈዘፋል፤ ጥቂት የአብሽ ፍሬም ይጨመርበታል። ከዚያ በውሃ እየተፈጨ ይዋሐድና ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል። ጠዋት ሊጡ ኩፍ ብሎ አረፋ ሲያወጣ፣ የጋለው የብረት ምጣድ ዘይት በነካ የሽንኩርት ግማሽ ይታሰሳል። ምጣድ በጎመን ዘር ስታስስ ላደገች ሴት ይህን ሥርዓት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገና ስታየው ታውቀዋለች። ኢድሊም ከዚሁ ዓይነት ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነው። አብሮ የሚቀርበው ሳምባር የርግብ አተር ክክ ከአትክልት ጋር ተቀቅሎ፣ በሁመር ኮምጠጥ ተደርጎ፣ በመጨረሻ በጋለ ዘይት ውስጥ የተንጣጣ ሰናፍጭና የካሪ ቅጠል የሚፈስበት ወጥ ነው። ቅቤና እርጎ ካልገባበት ከእንስሳት ተዋጽኦ ምንም የለበትም። ለጾመኛ በባዕድ አገር ከዚህ የተሻለ ማዕድ ከወዴት ይገኛል?

በዕድሜ ገፋ ላሉት ደግሞ ሌላ ትዝታም ነበረበት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን መካከል ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። የመምህሩን የምሳ ዕቃ ሽታ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በናይሮቢ መልሶ ያገኘ ሽማግሌ ወደዚያ ቤት የሚሄደው ለሆዱ ብቻ አልነበረም።

ታዲያ ዛሬ በዚያ ቤት የሚቀርበው ዶሳ ምንድን ነው? ለዚህ ሐበሻ የቆየ ቃል አለው፤ አፍለኛ ነው። አፍለኛ እንጀራ ወዳጅ እንዳለው እሙን ነው፤ ነገር ግን የሚበላው ሰው አፍለኛ መሆኑን አውቆ ነው የሚበላው። የሕንዱ ቤት ግን አፍለኛውን በበሰለው ዋጋ ይሸጣል። ዶሳው ወፍራምና ገርጣ ያለ ሆኗል፤ ጠርዙ አይንኮሻኮሽም፤ ምላስ ላይ የሚቀረውም የሊጥ ኩምጣጤ ሳይሆን የሶዳ ምሬት ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ብርድ እንደ ቼናይ ሙቀት ሊጥ በአንድ ሌሊት ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የድሮው አብሳይ ይህን ያውቅ ስለነበር በብርድ ወራት ሊጡን ቀደም ብሎ ያስፈጭ፣ ለምድጃው የቀረበ ሙቅ ጥግም ይፈልግለት ነበር። የዛሬው ወጥ ቤት የጎደለውን ሰዓት በማንኪያ ሶዳ ይሞላል። ሶዳ ሊጡን ይነፋዋል እንጂ አያቦካውም፤ ይህን ደግሞ ከሐበሻ ሴት ሊደብቅ የሚችል አብሳይ ገና አልተወለደም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ መልሱ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ድሮ አንድ ገጽ የነበረው ዝርዝር ዛሬ መጽሐፍ አክሎ ኑድል፣ ፒዛ፣ አይብ የተጠቀለለበት ዶሳና ስሙ ለመጥራት የሚያስቸግር ጭማቂ ሁሉ ገብቶበታል። ሁሉን የሚያበስል ወጥ ቤት ማታ ተቀምጦ ሩዝ የሚያስፈጭ ሰው አይተርፈውም። በዚህ ላይ በሩ አጠገብ የራስ ቁራቸውን እንዳጠለቁ የሚጠባበቁት ሞተረኞች አሉ። ዶሳ ከምጣድ ወርዶ ጥራቱን የሚጠብቀው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ ግማሽ ከተማ ሲያቋርጥ በራሱ እንፋሎት ረጥቦ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። ቤቱ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለካርቶኑ ነው። ገበታ ላይ የተቀመጠው ሰው አርባ ደቂቃ ሲጠብቅ፣ የእርሱ ተራ በሞተር ላይ ተጭኖ በፊቱ ያልፋል።

ስለ ሳምባሩ ብዙ ማለት አያሻም፤ ቀጥኗል፣ አንዳንድ ቀንም ቀጭንነቱን ለመሸፈን ዱቄት ተበጥብጦበታል። ቡናው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የደቡብ ሕንድ ቡና በብረት ማጥለያ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ፣ ብዙውን ጊዜ ቺኮሪ የተቀላቀለበት ጥቁር ጭማቂ በትኩስ ወተት ተዋሕዶ፣ ከኩባያ ወደ ኩባያ ከፍ ተደርጎ እየተንቆረቆረ አረፋ የሚያወጣ ነው። ሕንዶች እንደሚተርኩት ባባ ቡዳን የተባለ ሱፊ ሰባት የቡና ፍሬ ከየመን ደብቆ አምጥቶ በቺክማጋሉር ተራሮች ተከለ። ትረካው እውነትም ይሁን ተረት፣ የቡናው መነሻ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሐበሻው ፈገግ ብሎ ያስብ ነበር። ዛሬ በዚያው በብረቱ ኩባያ የሚቀርበው ከቆርቆሮ የወጣ ፈጣን ቡና ነው። በኬንያ፣ ቡና በምታበቅል አገር!

ይህ ሁሉ ግን የጣዕም ነገር ነው፤ ጣዕም የተጎዳበት ሰው ሌላ ቤት ይፈልጋል፣ ያልፋል። ከዚህ የከበደው የእምነት ጉዳይ ነው። ድሮ በዚያ ቤት አንድ ጸጉሩ የሸበተ አስተናጋጅ ነበር። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲገባ ካየ በአማርኛ «ጾም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የሚያውቃት ቃል እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። «አዎን» ከተባለ ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ ምጣዱ በቅቤ እንዳይነካ ቆሞ ያሠራ ነበር። በአንዲት ቃል የተሠራ እምነት ዓመታት ዘለቀ። ባለፈው ጾመ ነቢያት አንድ ቤተሰብ እዚያው ቤት ተቀምጦ ዶሳውን ያለ ቅቤ አዘዘ፤ ሁለት ጊዜም ደጋግሞ ተናገረ። የመጣው ዶሳ በቅቤ ያብረቀርቅ ነበር። እናቲቱ ሳህኑን ገፋ አድርገው «እማምላክን፣ ምን ጉድ ነው?» ሲሉ ወጣቱ አስተናጋጅ «ትንሽ ናት» ብሎ መለሰ። ሌላ አልቀረበም፣ ይቅርታም አልተጠየቀም፤ ሒሳቡ ግን ሙሉውን መጣ።

በልጁ መፍረድ አይገባም። የሸበተው አስተናጋጅ ከሄደ ወዲህ በየወሩ የሚለዋወጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው የሚታዩት፤ ስለ ጾም የነገራቸው የለም፣ በአምስት ገበታ ፈንታ አሥራ አምስት ተሰጥቷቸዋል። ጥፋቱ ልምድ ያለውን ሰው እንደ ትርፍ ወጪ የቆጠረው የባለቤቱ ስሌት ነው።

ለቤቱ ጥብቅና የሚቆሙ አልጠፉም። የመጀመሪያው መከራከሪያቸው የኑሮ ውድነት ነው። እውነት አለው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዳ ነበር፤ የኬንያ ሽልንግም ወድቆ በ2024 መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ተጠግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋጋ የጨመረ ነጋዴ አይወቀስም። ሆኖም እገዳው በመስከረም 2024 ተነሣ፣ በዚያው ዓመትም ዶላሩ ወደ 130 ሽልንግ ግድም ተመለሰ። የቤቱ ዋጋ ግን ከወጣበት አልወረደም። ይልቁንም ሊጡ የሚያድርበት ሌሊት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አይደለም፤ «ጾም?» ብሎ መጠየቅም ቀረጥ የለበትም።

ችግር ሲመጣ ሌላ መንገድ እንዳለ የራሳቸው የሕንዶች ታሪክ ይመሰክራል። በባንጋሎር ከተማ በ1924 የተመሠረተው ማቫሊ ቲፊን ሩምስ የተባለው ስመ ጥር ምግብ ቤት፣ በ1975 በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ምግብ በጣም በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ሲታዘዝ ደረጃውን ጠብቆ መሥራት አልሆነለትም። ያን ጊዜ ባለቤቶቹ ፊታቸውን በታሸገ የምግብ ዝግጅት ወደ መሸጥ አዞሩ፤ ምግብ ቤቱም ተዘግቶ ቆይቶ በ1984 ዳግም ተከፈተ። በዚያ ቤት ስም የቀጠነ ሳምባር ከመሸጥ በሩን መዝጋት ተመረጠ። የፓርክላንድሱ ባለቤት በሩን እንዲዘጋ ማንም አልጠየቀውም፤ ከፒዛውና ከኑድሉ ግማሹን ቢሰርዝ በቂ ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከሐበሻው ከራሱ የሚመጣ ነው፤ «በሰው አገር ሆኖ ምን ይባላል? ስንት ዘመን ጠቅመውናል» የሚል። ይሉኝታ ነው። የቀረበለትን ግማሹን ትቶ፣ ጉርሻውን አስቀምጦ፣ «ጥሩ ነበር» ብሎ ይወጣል፤ ቅሬታውን የሚናገረው መኪና ውስጥ ገብቶ በር ከዘጋ በኋላ ነው። ባለቤቱ ታዲያ ከየት ይወቅ? ገንዘቡ እንደ ድሮው ይገባል፣ ገበታው እሑድ እሑድ ይሞላል፣ ሁሉም ይስቃል። «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» እንዲሉ፣ በበዓል ሰሞን በሚሰጠው ቅናሽ ተደስተው የሚመለሱም አሉ። እነዚህ ደንበኞች ለቤቱ የዋሉለት ውለታ ያለ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። የሸበተው አስተናጋጅ ውለታ ነበረው፤ አብሳዩም ነበረው። ሁለቱም ዛሬ በዚያ የሉም፤ ዝምታው የሚከፈለው ላልነበረ ሰው ነው።

አንዳንዶች ዝም አላሉም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አዛውንት ሳህናቸውን ሳይነኩ አስተናጋጁን በትሕትና ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ሊጥ መቼ ነው የተፈጨው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አላወቀም፤ ጠይቆ እንደሚመጣ ነግሯቸው ወጥ ቤት ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ በእጁ የያዘው ሒሳቡን ነበር።