የሠላሳ ቀን ትዕግሥት

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለው። ጓሮው ውስጥ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ፣ "አያቴ፣ ዛሬ ማታ በ630 ሜትር ሞገድ እሞክራለሁ" አለኝ።

"ፈቃድህ ለዚህም ይበቃል?" ስለው አንገቱን ደፋ።

ቁጭ ብለን ደንቡን አየን። አሜሪካ ይህን ዝቅተኛ ሞገድ፣ ከ472 እስከ 479 ኪሎ ኸርዝ፣ ለአማተሮች የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ባለፈቃዱ ግን የአንቴናውን ቦታ አስቀድሞ ለመብራት ድርጅቶች ማኅበር ያስታውቃል፤ በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልመጣበት ያስተላልፋል። አንዳንድ የመብራት ድርጅቶች በከፍተኛ መስመራቸው ላይ በዚሁ ሞገድ አካባቢ የመቆጣጠሪያ ምልክት ይልካሉ። እንዲህ ካለው መስመር ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ያልራቀ አንቴና አይፈቀድም፤ ምልክቱን ያውካል ተብሎ ይፈራል።

"ወር ሙሉ! ማን ያውቅብኛል?" አለኝ።

አልተቆጣሁም። በነርስነቴ ዘመን መብራት ድንገት ጠፍቶ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን እናት ያዋለድኩበትን ሌሊት አወራሁለት። ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ የጠበቅነውን ጊዜም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። በዚያው ማታ ማስታወቂያውን ላከ።

ቀኑ ሲሞላ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። "አያቴ፣ ማንም አልተቃወመኝም! ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ሰው ሰማኝ!" ብሎ ደወለልኝ።

ወላጆች፣ አያቶች፤ የልጆቻችን ሙያ ባይገባን እንኳ፣ "ይህ ነገር ማንን ይነካል?" ብሎ መጠየቅ አያቅተንም።