የድምፃችን ወሰን በፊታችን ይሰመር

በመርካቶ የሲኒማ ራስ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች፣ የምርጫ ክልላችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? ሰባተኛን ይጨምራል? አውቶቡስ ተራንስ? ከአንዋር መስጊድ ወዲያ ያለው ሰው የሚመርጠው ከእናንተ ጋር ነው ወይስ ከሌላ? የድሮውን ቀበሌያችንን ከነከፍተኛው ዛሬም በቃላችን እንጠራለን። ድምፃችን የሚደመርበትን መስመር ግን አብዛኞቻችን በካርታ ላይ አይተነው አናውቅም። ምርጫ ሲደርስ ጣቢያው ይነገረናል፣ ተሰልፈን እንመርጣለን፣ ወደ ሱቃችን እንመለሳለን። መስመሩን ማን፣ በምን መለኪያ እንዳሰመረው የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው፤ የምንጠይቀውም ተሰባስበን ነው።

የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች አሉት። በ1997 ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። በ2000 ኢሕአዴግ 137ቱን ወሰደ። በ2013 ብልጽግና 138ቱንም ያዘ። የአሸናፊው ስም በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ተሸናፊውን የመረጠው ሕዝብ ግን ሦስቱንም ጊዜ ከሞላ ጎደል ያለ ወንበር ቀርቷል። በ1997 ኢሕአዴግን የመረጠ የሸራ ተራ ነጋዴም፣ በ2013 ተቃዋሚ የመረጠ ጎረቤቱም ብሶታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ግብር ይከፍላሉ፣ ሁለቱም በምክር ቤቱ በድምፃቸው ልክ የሚናገርላቸው አጡ። ስለዚህ ይህ ጥሪ የአንድ ፓርቲ ደጋፊዎች ጥሪ አይደለም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ የቀረው ድምፅ ወንበር አያስገኝም። በዚህ ሥርዓት የወሰን መስመር ከቅስቀሳ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሐሳብ ያለው የመርካቶ ሕዝብ በአንድ የምርጫ ክልል ቢሰባሰብ የራሱን ሰው ይልካል። ያንኑ ሕዝብ ቆራርጠው አንዱን ቁራጭ ወደ ኮልፌ፣ አንዱን ወደ ጉለሌ፣ አንዱን ወደ ልደታ ቢቀጥሉት በሦስቱም ቦታ አናሳ ሆኖ ይቀራል። አንድም ኮሮጆ ሳይሰረቅ፣ አንድም የድምፅ መስጫ ወረቀት ሳይጭበረበር ውጤቱ ከምርጫው ቀን በፊት ያልቃል። በመርካቶ ሚዛኑን ለሻጩ ትቶ ፊቱን የሚያዞር ገዢ የለም። ፓርቲም የሚመዘንበትን መስመር ብቻውን እንዲያሰምር ልንተውለት አይገባም፤ የምንደግፈው ፓርቲ ቢሆን እንኳ።

መስመሩን ሳይነኩ መቀመጥም ወገንተኝነት ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ ከዚያም በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ቀጣዩ በ2009 መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ፤ በ2011 ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አሁንም አራዘሙት። በ1999 የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር። በፌዴራሉ ፓርላማ ላላት 23 መቀመጫ ሲካፈል ለአንዱ 119 ሺህ ሰው ግድም ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካን ግቢ ሰፈር ሰው ተነስቷል፣ የፒያሳና የካዛንቺስ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪያቸው ወደ ዳር ወጥቷል፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ በኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሞልተዋል። መቀመጫው ያው 23 ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ቆጠራው በሐቅ ተካሂዶ ወሰኑ በሐቅ ቢሰመር የመሀል ከተማው ድርሻ ሊቀንስ፣ የዳሩ ሊጨምር ይችላል። ይሁን። ትናንት ጎረቤታችን የነበረው የአሜሪካን ግቢ ሰው ዛሬ ባለበት ሰፈር ድምፁ ከእኛ እኩል መመዘን አለበት። የእኛን ጥቅም ብቻ ይዘን ከተነሳን ማንም አያምነንም፣ ማመንም የለበትም።

የአስተዳደር ወሰንማ እየተቆራረሰ ኖሯል። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማ ተዋቀረች። በ2013 ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ሆነ፤ ያን ያጸደቀው በ2005 ተመርጦ የአምስት ዓመት ዘመኑ በ2010 ያበቃ፣ በማራዘሚያ የቆየ ምክር ቤት ነው። በነሐሴ 2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በሁለቱ አስተዳደሮች ስምምነት ሲበጅ ሁለቱንም የሚመራው አንድ ፓርቲ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ነዋሪው ድምፅ አልሰጠም። ክፍለ ከተማና የምርጫ ክልል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አውቃለሁ። ልማዱ ግን ያው ነው፤ ካርታው ካለቀ በኋላ እንሰማለን።

መስመርን ሳይነኩ መቀመጥ በእኛ አገር ብቻ አልታየም። በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች የራሳቸው ሕገ መንግሥት በየ10 ዓመቱ እንዲከልሱት የሚያዛቸውን ወሰን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1901 ጀምሮ ለ60 ዓመታት ሳይነኩት ኖሩ። ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲጎርፍ ወንበሩ በገጠር ቀረ። ቻርለስ ቤከር የተባለ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ በዚያው አቆጣጠር በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አቤቱታ ፍርድ ቤቶች ሊሰሙት እንደሚችሉ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ የምርጫ ወሰኖች ተከለሱ። የተጀመረው ግን በጥቂት መራጮች ክስ ነው።

እኛ ከእድር እንጀምር። በየትኛው ግቢ ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ ማን እንደለቀቀና ማን እንደገባ ከማንም በላይ የሚያውቀው እድር ነው። እድር ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ የገዢው ፓርቲ አባልና ተቃዋሚ በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። የእድር ዳኞች ሆይ፣ መዝገባችሁን ይዛችሁ ተገናኙ። ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው ወክሉ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ተወካዮቹ ለምርጫ ቦርድ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አሁን ያለው የምርጫ ክልል ካርታ ሰው በሚያውቃቸው መንገዶችና ሰፈሮች ስም ተዘርዝሮ በየወረዳው ይለጠፍ፣ የሚቀየርም ከሆነ ረቂቁ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመላኩ በፊት ነዋሪው አይቶ አስተያየት ይስጥበት ብለው ይጠይቁ። ለፌዴሬሽን ምክር ቤትና ለፓርላማ ደግሞ የቆጠራውን ቀን ቁረጡ ይበሉ። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን የሚያዘው አንቀጽ 12 ከጎናችን ነው።

የምን አለሽ ተራና የቦምብ ተራ ወጣቶች፣ ካርታ በስልክ ማንበብና ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። ሱቃችሁ እዚህ ሆኖ ቤታችሁ ዓለም ባንክ ወይም አየር ጤና የሆነ ነጋዴዎች፣ ድምፃችሁ የሚቆጠረው በምትኖሩበት ስለሆነ ጥያቄውን ወደ ሰፈራችሁ እድርም ይዛችሁ ሂዱ። ለቅስቀሳ የሚመጣ ማንኛውም እጩ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ካርታው በነዋሪው ፊት እንዲሰመር በጽሑፍ ቃል ይግባልን።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ይህን ጉዳይ አጀንዳ አስይዙ።