የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አንዱን ብርሃን ሁለት አድርጎ ስለሚያሳይ ስበት



የስበት ኃይል የሩቁን ኮከብ ብርሃን አጉብጦ ምስሉን እንደሚያባዛ በቀመር ያስረዳው አልበርት አይንስታይን፣ ይህንኑ በቀጥታ ለማየት ተስፋ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1936 ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በ1979 ዋልሽ፣ ካርስዌልና ዌይማን የተባሉ ሊቃውንት፣ 6 የቅስት ሰከንድ ያህል ተራርቀው የሚታዩትን የሁለት ነጥቦች ብርሃን ተንትነው በመረመሩ ጊዜ፣ ጠባያቸው አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በመካከል ያለው ጋላክሲ አንዱን ኩዌዛር (እጅግ ሩቅና ብሩህ የሆነ የጋላክሲ እምብርት) ሁለት አድርጎ እንዳሳየ ተረዱ። በአንደኛው ምስል የታየው የብርሃን ለውጥ በሁለተኛው የሚደገመው ከ417 ቀናት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ሬፍስዳል በ1964 እንዳመለከተው፣ ከእንዲህ ያለው መዘግየት የዓለማት መስፋፋት ፍጥነት ይሰላል።

እንዲህ ያሉት መንትዮች እጅግ ጥቂቶች ናቸውና፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ብርሃናትን ከመዘገበችው ከጋያ መንኮራኩርና ከሌሎች ሰፋፊ የሰማይ ቅኝቶች መዛግብት እነርሱን ለይቶ ማውጣት ታላቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ የተጎራበቱ ሁለት የቅርብ ከዋክብት ብዙ ጊዜ ያሳስታሉና፣ መርማሪው አስቀድሞ ቀለማቸውን ያነጻጽራል፣ ቀጥሎም ከስፍራቸው አለመንቀሳቀሳቸውን ያረጋግጣል፣ በመጨረሻም ብርሃናቸውን በኅብረ ቀለም ይፈትናል።

በዚህ እትም የቀረቡት ጽሑፎች ይህን የፍለጋ ሥርዓት ከመሠረቱ እስከ ፍጻሜው በቅደም ተከተል ያብራራሉ፤ በተለይም ወጣቶች ተማሪዎቻችን፣ ዕውቀት የሚገኘው ከመሣሪያ ብርታት ብቻ ሳይሆን ከመርማሪ ትጋትም ጭምር መሆኑን ተገንዝበው፣ በማስተዋል ያነቧቸው ዘንድ በአክብሮት እንጋብዛለን።

አዘጋጁ