ሰንሰለቱን ማን ይፍታው?

«ሰው እየተራበ ስለ ውሻ ይወራል እንዴ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን መልስ አለኝ። መልሱንም ያገኘሁት ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለችው ግቢዬ፣ ከውሻዬ ከመቻል ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እንደ ጣሊያን ሕዝብ በር አልተቆለፈብንም፤ ቢሆንም መምህር ነኝና ቤት ዋልሁ።

የገዛ ውሻዬን ውሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። በዚያው ልክ እየዞረ ሣሩን አጥፍቶ መሬቱን ክብ አውድማ አስመስሎታል። ጠዋት ይዞራል፤ ቀትር ላይ ይዞራል፤ ሲመሽ ይጮሃል። እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስልክ «ታሰርን እኮ!» እያልሁ አማርራለሁ። የእኔ እስር ወር አልሞላውም፤ የእርሱ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

አፈርሁ። ጎህ ሲቀድ በገመድ ይዤው ታቦርን መውጣት ጀመርሁ። መጀመሪያ ባጃጁም አህያውም ያስደነግጠው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን አላፊ አግዳሚውን መጮኽ ተወ፤ ሌሊትም ረግቶ ይተኛ ጀመር። «ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?» ያላለኝ የለም። እውነት ነው፣ በዚያው ሰሞን እስፔን ሕዝቧን ቤት ስትዘጋ ውሻ ይዞ ለሚወጣ ሰው ፈቅዳ ነበር። ግን የገጠሩ አባቴ ውሻ ከከብት ኋላ ሜዳውን ሲያካልል አይደል የሚውለው? ለእኛ መጤው ሰንሰለቱ ነው እንጂ ሽርሽሩ አይደለም!

አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ አበቃ፤ ትምህርትም ተከፈተ። እኔ ወደ ሥራዬ፣ መቻል ወደ ሰንሰለቱ ተመለስን። «ጊዜ የለኝም» አልሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤቴን ልጅ እግር ነከሰ። እናቱ አልጮኸችብኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ተከትቧል?»

አልተከተበም ነበር።

ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ታጠበ፤ ልጁም ክትባቱን ጀመረ። ውሻው ይታመም እንደሆነ አሥር ቀን ሙሉ ጠበቅን። እንቅልፍ አልነበረኝም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም ደኅና ሆኑ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ ነው። ከውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡ መተላለፉ እንደሚገታ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ዓለምም በ2030 እ.ኤ.አ. በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ቀጠሮ ይዟል። ታዲያ ዕድሜውን ታስሮ የከረመ፣ በገመድ መሄድ ያልለመደ ውሻን ማን ደፍሮ ወደ ክትባት ይወስደዋል? በየከተማው የለመድነው መፍትሔ መርዝ ነው። የተገደለውን የጎዳና ውሻ ቦታ ግን ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። ስለ ውሻ ማውራት ስለ ልጆቻችን ማውራት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መቻል ክትባቱ አልተጓደለበትም፤ ታቦርንም አልተወም። ዛሬ አርጅቷል፤ ዳገቱ መሐል ቆም ይላል፤ እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። መቻል ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ እርሱም እንደ ስሙ ችሎ ኖሯል። እናንተም ነገ ማለዳ በየጓሯችሁ ያለውን ክብ አውድማ እዩት። ከዚያ በኋላ «ፈረንጅ» ብትሉኝ አልቀየምም።