ማን ከፈለ?

የባንክ ሥራ ለሰው አንድ ጥያቄ ያስተምራል፤ «ማን ከፈለ?» የሚል። ብድር ጠያቂ ቤቱን በመያዣነት ሲያቀርብ፣ ዋጋውን የሚገምተው ባለሙያ በስውር ከተበዳሪው ኪስ የሚበላ ቢሆን ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሌላ ዓይን እስኪረጋገጥ ድረስ ብድሩ አይለቀቅም። ይህን ጥያቄ ከአሶሳ መስኮቴ አሻግሬ ለሳይንስ ላቅርበው እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1977 የኤክሰን ሳይንቲስት ጄምስ ብላክ የነዳጅ ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ ለኩባንያው አለቆች አስረዳ። በ2023 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ፣ የኩባንያው ሳይንቲስቶች ከ1977 እስከ 2003 ከሠሯቸው የሙቀት ትንበያዎች ከ63 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑት ትክክል እንደነበሩ አሳየ። እንግዲህ በጓዳ እውነቱን የያዘው ኩባንያ ነው፣ በአደባባይ ጥርጣሬን ለሚያሰሙ ገንዘብ ሲከፍል የኖረው።

በየካቲት 2015 ይፋ የሆኑ ሰነዶች እንዳመለከቱት፣ በሃርቫርድ ስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ማዕከል ይሠራ የነበረው ዊሊ ሱን በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነዳጅ ዘርፍ ለምርምሩ ተቀብሏል። ከከፋዮቹ መካከል ኤክሰንሞቢልና ከሰል አንዳጅ የኤሌክትሪክ ድርጅት የሆነው ሳውዘርን ካምፓኒ ይገኙበታል። በብዙዎቹ ጽሑፎቹ ግን የገንዘቡን ምንጭ አልገለጸም። ሙቀቱን በዋናነት የሚያመጣው ፀሐይ ነው ባይ ነበር፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ። እርሱ ገንዘቡ ሐሳቤን አልለወጠውም ብሏል።

ገንዘብ የተቀበለ ሁሉ ዋሽቷል አልልም። የሱንን ሐሳብ የጣለው የተቀበለው ዶላር ሳይሆን መረጃው ነው፤ ባለፉት አርባ ዓመታት የፀሐይ ኃይል ሳይጨምር የምድር ሙቀት ጨምሯልና። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ከፋዩ ሲሰወር አንባቢው ጠበቃውን እንደ ዳኛ ይሰማዋል። በዚህ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፤ በክልላችን በአንድ ክረምት ዝናብ ማሽላውን የሚያበቅለው ገበሬ የማንንም ጽሑፍ ሳያነብ የመዘግየቱን ዕዳ ይከፍላል።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱን ወጪ ባለ ፕሮጀክቱ እንዲሸፍን ደነገገ። ወርቅ ሊቆፍር የመጣ ኩባንያ ቁፋሮው ወንዛችንን ይጎዳ እንደሆነ የሚያጠናውን ባለሙያ ራሱ ይቀጥራል ማለት ነው። ወጪውን ጎጂ ሊሆን የሚችለው መሸፈኑ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የወርቅ አገር የሆነው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጥናቱን በሚገባው ቋንቋ ካላነበበ፣ ገለልተኛ ዓይንም ካላየው፣ ከሱን ታሪክ በምን እንለያለን?

ሌላውን ግለጽ ካልሁ ራሴም ልግለጽ። የህዳሴውን ግድብ ቦንድ በመስኮቴ ሸጫለሁ፤ ከደመወዜም ተቆርጦ ገዝቻለሁ። ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ የእኔም ነው። ስለዚህ ስለ ነዳጅ ክፉ ስናገር ጥቅም አለኝ፤ አንባቢ ይህን አውቆ ይመዝነኝ። ቦንዱ ግን የገዢው ስም ተጽፎበታል።

ከዩኒቨርሲቲዎቻችንና ከጋዜጦቻችን የምለምነው ይህንኑ ነው። ስለ ግድቡም ሆነ ስለ ወርቁ፣ ስለ ደኑም ሆነ ስለ ማዳበሪያው የሚናገር ምሁር ከስሙ ቀጥሎ የከፋዩን ስም ያስፍር። ከዚያ በኋላ መከራከር እንችላለን።

ሻጩ ራሱ ይዞት ሚዛን ካጋደለ፣
«ስንት ነው?» ከማለት ይቅደም «ማን ከፈለ?»